የትምህርት ቤታችንን በጀትና መርሐ ግብር የሚመለከት የስብሰባ ጥሪ

የተከበራችሁ የወላጆች ቡድን አባላት፣

የቻርተር ትምህርት ቤታችን (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን በራሱ ቦርድ የሚመራ ትምህርት ቤት) ቦርድ የመጪውን ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት የምናቀርበውን ጥያቄ ለመወሰን፣ የፊታችን ቅዳሜ በዋሽንግተን ዲሲ አቆጣጠር ከቀኑ 4 ሰዓት (በሐበሻ 10 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ባለፈው ግማሾቻችን ተሳስተን ነበር) በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንገናኛለን።

ከተማው ለቻርተር ትምህርት ቤቶች የሚከፍለው በተማሪ ቁጥር ልክ ሆኖ፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላሉ ልጆች ተጨማሪ ገንዘብ ስለሚመድብ፣ ይህ ተጨማሪ ገንዘብ በምን ላይ እንደዋለ አስተዳደሩ በጽሑፍ እንዲያስረዳን መጠየቅ ይኖርብናል። በእኔ እምነት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ 30 ልጆች በምግብ አዳራሹ ውስጥ በአንድ ረዳት መምህር ብቻ የቤት ሥራ የሚሠሩበት ሁኔታ ከገቢ ማሰባሰቢያው እራት ይልቅ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

የልጆቻችሁን የቅርብ ጊዜ የውጤት ካርድ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ መገኘት የማትችሉም ሐሳባችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ እንድትጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።