ድሬ ደርሼ መጣሁ

ይድረስ ለአብሮ አደግ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን በጣም ረዘመ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ተወውና ወደ ወሬዬ ልግባ።

ሰሞኑን ድሬ ነበርኩ። ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ ወደ ከዚራ ሰፈር የሚገባውን ጎዳና በእግሬ ሄድኩበት። ልጅ ሆነን "ጃንሆይ ናቸው ያሰሩት" እያልክ ድርቅ ትል ነበር። አይደለም አቦ! የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ነው።

ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ሐረር ግን ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ተራራው ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እታች ሜዳው ላይ ቆመ። ምኒልክ ቦታውን አዲስ ሐረር አሉት፤ ስሙ አልያዘም። ብዙ ሳይቆይ ኩባንያው ከሰረ፤ ሐዲዱም ለዓመታት እዚያው ተገትሮ ቀረ። ለድሬ ግን ሲሳይ ነበር! ወደ መሀል አገር የሚሄደው ዕቃ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ አረቡ ሱቅ ከፈተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ድሮ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው ድሬ ያድር ነበር። ሆቴል የበዛው በዚህ ነው።

ከዚራን ኩባንያው በፕላን ሠራው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዳሩ ዛፍ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ሰፈር ደግሞ ሰው እንደተመቸው ሠፈረበት። ስለ ከዚራ ጥላ ስንኩራራ እንረሳዋለን እንጂ ያ ጥላ መጀመሪያ የተተከለው ለፈረንጆቹ ነበር። የአባትህ ዓይነቶቹ የባቡሩ ወርክሾፕ ገብተው፣ ብሎኑን በፈረንሳይኛ እየጠሩ፣ ቀስ በቀስ የራሳቸው አደረጉት። አባትህ ሲቆጣንም በፈረንሳይኛ ነበር፣ አትረሳውም መቼም።

አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። ስለዚህ ከአዲሱ ባቡር ወርዶ በቀጥታ በዚህ ጎዳና የሚገባ መንገደኛ የለም። አሁን የባጃጅ ነው። አሮጌው ወርክሾፕ ግን አለ፤ ማሽኖቹን ብታያቸው ትገረማለህ።

የቤትህን ወሬ ጻፍልኝ፤ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ? አገር ቤት የምትመጣ ከሆነ አብረን እንሂድ። በታኅሣሥ ይሁን ብቻ፤ የግንቦቱን ሙቀት ከእንግዲህ አትችለውም።

ወንድምህ