ኪቦርዱን ለልጅቷም

ውድ አባላት፣

ባለፈው ሥልጠና ሁለት ልጆች አንድ ኮምፒውተር ተጋርተው ነበር። ወንዱ ኪቦርዱን ይዟል፤ ልጅቷ ደብተር ይዛ ታያለች። ኮዱ (ለኮምፒውተሩ የተጻፈው ትእዛዝ) አልሠራ ሲል ስህተቱን ያገኘችው እሷ ናት። መዝጊያ ቅንፍ ጎድሎ ኖሯል። በጣቷ ጠቆመችው። እሱ አስተካከለና "ሠራልኝ!" አለ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት እኮ ስድስት ሴቶች ናቸው። ግሬስ ሆፐር የተባለች አሜሪካዊትም እ.ኤ.አ. በ1952 ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ሠርታለች። (ይህን ስነግራቸው ልጆቹ አላመኑኝም።)

ከእንግዲህ በየ15 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ። ልጅቷ ስትዘገይ ማውዙን አንንጠቃት። እኔም ይሄ አመል አለብኝ፤ ካያችሁኝ እጄን ያዙኝ። የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁ ኑ፣ ቢያረጅም ችግር የለውም።