የሐረና እስስት በኬላችሁ በኩል አለፈ፦ ለአካባቢያችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎት ቢሮዎ ተመላልሼ ሰሚ ስላጣሁ ነው። በጽሑፍ አመለከትኩ፤ "ገቢ ሆኗል" ተባልኩ። ስደውል "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልኩ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ይስማው።

በባሌ፣ በሐረና ደን ውስጥ ከሪራ ወደ ደሎ መና ሲወረድ፣ ከኬላው ብዙም ሳይርቅ፣ ባትሪ የያዙ ሰዎች ማታ ከቁጥቋጦው ላይ እስስት ሲሰበስቡ አየሁ። እስስት የሚያድረው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሲተኛ ቀለሙ ይነጣል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ከሩቅ ይለያል። ሮጦ አያመልጥም። እንደ ቡና ፍሬ ለቀሙት። በጨርቅ ከረጢት ከተው መኪና ላይ ጫኑ። ቀድሜ ደርሼ ለጥበቃው ነገርኩት። መኪናው መጣ፤ ሹፌሩ ወርዶ ጥቂት አወሩ፤ ገመዱ ተነሳ፤ ሄዱ።

በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ኬላ፣ አንዲት የሰፈራችን እናት ደረቅ ማገዶ ተሸክማ ስትመለስ ተያዘች። ሸክሟን አስወረዷት። መጥረቢያዋን ቀሟት። መኪና ላለው የተነሳው ገመድ ለእሷ አልተነሳም። ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ እስካሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቢሮዎ ስመጣ አንድ ሠራተኛ "ለእስስት ብለህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?" አለኝ። አዎ፣ ለእስስት ብዬ ነው። ይህኛው ወንዱ አፍንጫው ላይ ሁለት ቀንድ ያለው ነው። ሳይንስ በስሙ የመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ቀይ ቀበሮ ሰሜን ተራሮች ላይም አለ። የደጋ አጋዘን አርሲም ይገኛል። ይህ እስስት ግን ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም አልተገኘም። ከፍ ብሎ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመዘገበው ዘመዱም እንዲሁ። እዚህ ካለቁ አለቁ፤ ከሌላ ቦታ አይመጡም። መርዝ የላቸውም። ዝንብና ፌንጣ በልተው የሚኖሩ፣ ማንንም የማይነኩ ፍጥረቶች ናቸው።

ሕጉን ለእርስዎ አላስተምርም። የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጁ እጅዎ ላይ አለ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝና ማዘዋወር ክልክል መሆኑን ያውቃሉ። የእስስት ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ፣ ማለትም በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር መሆኑን፣ አገራችንም የስምምነቱ አባል መሆኗን ያውቃሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እዚህ ያለን ሰዎች ከልባችን ነው የተደሰትነው። አሁንስ ጠባቂ አገኘ ብለን ነበር።

ሰዎቹ ፈቃድ ካላቸው ፈቃዱ ይታይ። ከሌላቸው ያን ማታ ተረኛ የነበረው ማን እንደሆነ፣ ገመዱንም በማን ትእዛዝ እንዳነሳ ተጣርቶ በይፋ ይነገረን። ለዚያች እናትም መጥረቢያዋ ይመለስላት።

ከሐረና ነዋሪዎች አንዱ