የዕፅዋት ጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በመስከረም ሥራውን ሲጀምር ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ያለው ገብስ ገና እሸት ነበር። የታችኞቹ ቅጠሎቹ ግን መሃሉ እንደ ገለባ የነጣ፣ ዙሪያው በጥቁር ቡናማ መስመር የተከበበ ቁስል ይዘው ነበር። ተማሪዎቹ በቤታቸው እንደሚሰሙት ውርጭ የመታው ነው አሉ፤ በደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ገብስን ስለሚጎዳ ግምታቸውን አልናቅሁትም። ይሁን እንጂ ቁስሉ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣቱ አጠራጥሮን፣ የታመመ ቅጠል ቆርጠን በክዳን ሳህን ውስጥ እርጥብ ወረቀት ላይ አስቀመጥን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቁስሉ ላይ በውኃ ጠብታ የፋቅነውን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ለሁለት የተከፈሉና አንደኛው ጫፋቸው እንደ ወፍ ምንቃር የቆለመመ ስፖሮች፣ ማለትም ፈንገስ እንደ ዘር የሚራባባቸው ደቃቅ ብናኞች፣ ታዩ። ቁስሉን ያመጣው፣ ሪንኮስፖሪየም የተባለው ፈንገስ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ምንቃር ነው። ተማሪዎቹ ተራ እየጠበቁ ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ ማለቱን አልረሳውም።

ፈንገሱ በማሳው ላይ በቀረ አገዳና ገለባ፣ እንዲሁም በዘር ውስጥ ይቆያል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያገኝ ስፖሮቹን የዝናብ ጠብታ እያፈናጠረ ከቅጠል ወደ ቅጠል ያደርሳቸዋል። ገብስ በገብስ ላይ መዝራት የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ይህን ለማየት በየካቲት ለበልግ ሁለት ትንንሽ መደቦች ዘራን፤ አንዱ ገለባው ያልተነሣ የገብስ መሬት፣ ሌላው ባቄላ የነበረበት። በግንቦት የመጀመሪያው የታች ቅጠሎቹ በቁስል ተሸፍነው ነበር። የባቄላው መደብም ፈጽሞ ንጹሕ አልነበረም፤ ዘሩን ያገኘነው ከዚያው ከታመመው ማሳ ስለነበር ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ተማሪዎቹም ይህን በመዝገባቸው ጽፈውታል።

ፀረ ፈንገስ መድኃኒትን በሚመለከት ተማሪዎች እንዳይነኩ ከልክያለሁ። የአካባቢው የግብርና ባለሙያ ግን ፍሬውን በዋናነት የሚመግቡት የላይኞቹ ቅጠሎች ስለሆኑ፣ እነርሱ ከመታመማቸው በፊት ካልተረጨ ወጪው ከንቱ እንደሚሆን፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሞ መርጨትም ፈንገሱን እንደሚያለምደው አስረድተውናል።

የበልጉ ገብስ በዚህ በሰኔ ወር ይታጨዳል። ገለባው ለከብት ይሰጣል፣ በሁለቱም መደቦች ላይ በክረምቱ አተር ይዘራል፤ ለሚቀጥለው የገብስ ዘር ደግሞ ቅጠሉ ንጹሕ ከሆነ የገበሬ ማሳ ላይ ዛላ የሚለቅሙ አራት ተማሪዎች ተመርጠዋል።