እማዬ፣ እድሩን እምቢ አትበይ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽ እንዴት ነው? ሞራው ከተነሣልሽ ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ጀምራለች ብላ እህቴ ነግራኛለች፤ እና ይኼን ራስሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። እኛ ደህና ነን። ድሬ ሙቀቷን ለቃዋለች፣ ማታ ማታ ፍራሽ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእድራችን ሴቶች ደውለውልሽ እምቢ አልሽ አሉ። "እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ሰብሳቢነት የት አውቅና፣ ደህና ወንድ ፈልጉ" ብለሻቸዋል። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ። ወንድ አጥተው መሰለሽ? ኮሚቴው ሙሉ ወንድ ነው! ሴቶቹ መዋጮውን እኩል ይከፍላሉ፣ ለቅሶ ቤት ሽንኩርቱን የሚልጡት እነሱ፣ ሌሊቱን ምድጃ ሥር የሚያድሩት እነሱ፣ ደንብና መቀጫ የሚያወጣው ግን ሌላ ሰው። ባለፈው ስብሰባ የሒሳቡ ደብተር ይነበብልን ቢሉ "ሰዓት ሄዷል" ተባሉና ተበተኑ። ለዚህ ነው አንቺን ያሉት።

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ስዊዘርላንድ ተምረው መጡ፣ ጣልያን ሲወር ከአርበኞቹ ጋር ተሰለፉ፣ ተይዘው አዚናራ የሚባል የጣልያን ደሴት ድረስ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ከዚያ በ1957 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፣ የመጀመሪያዋ ሴት። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዝዳንትም ሆነዋል። ይኼን ስታወሪልኝ ፊትሽ ሲበራ አይ ነበር። አሁን ተራው አንቺ ጋ ሲደርስ "ደህና ወንድ ፈልጉ"?

አንዲት ደግሞ ልንገርሽ፣ ይቺን የምታውቂያት አይመስለኝም። ፈንሚላዮ ራንሶም ኩቲ ትባላለች፣ የዘፋኙ የፌላ ኩቲ እናት። ናይጄሪያ ውስጥ አቤኦኩታ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበረች። መጀመሪያ የነበራት ማኅበር የተማሩ እመቤቶች የሚሰበሰቡበት ነው፣ ጨዋ ጨዋ ነገር፣ ማንንም አያስቆጣም። በኋላ የገበያ ሴቶች ማንበብ አስተምሪን አሏት። እሺ ብላ ስታስተምራቸው የሆዳቸውን መስማት ጀመረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩዛቸውን ሹሞች እየነጠቁ ይወስዱባቸው ነበር። ሴት በመሆናቸው ለብቻ ግብር ይጣልባቸዋል፣ ግብሩን በሚወስነው ምክር ቤት ግን አንዲት ሴት የለችም። (የኛን እድር አላስታወሰሽም?) በሺዎች ሆነው ወደ ከተማው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ወጡ፣ ደጁ ላይ ዘፈኑ፣ አልሄድም አሉ። በ1949 ንጉሡ ዙፋኑን ለቆ ከከተማው ወጣ። ኋላ ተመልሷል፣ እሱን አልደብቅሽም። የሴቶቹ ግብር ግን ተነሣ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ፊደል ከማስቆጠር ነው።

ሌሎችም ሞልተዋል። የአይስላንዷ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር በ1980 ፕሬዝዳንት ሳትሆን በፊት ፈረንሳይኛ ታስተምር ነበር። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ቺዝም የሕፃናት መምህር ነበረች፣ በ1968 ለኮንግረስ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። የሕንዷ ድሮፓዲ ሙርሙ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበረች፤ በ1997 የዚያችው ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነች፣ በ2022 የሀገሪቱ ፕሬዝዳንት። አየሽ፣ ጅማሬዋ ከሰፈር ነው።

በርግጥ አስተማሪ የነበረ ሁሉ ጥሩ መሪ ይሆናል አልልም። አንዳንዱ ሥልጣን ሲይዝ አገሩን በሙሉ አራተኛ ክፍል ያደርገዋል፣ ሰው እጁን ካላወጣ አይናገርም። አንቺም ትንሽ ትንሽ ይቃጣሻል፣ አትቆጪኝና። አባዬ በሕይወት ቢኖር ይመሰክርልኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ስታስተምሪ አንዲት ጎበዝ ልጅ መምጣት አቆመች። ሌላው ስሟን ሰርዞ ያልፋል፣ ክፍሉ እንደሆነ ሞልቶ ፈሷል። አንቺ እኔን አስከትለሽ ቀፊራ ገበያ ሄድሽ። እናቷ ቲማቲም መሬት ላይ ደርድራ ትሸጣለች። ተቆጥተሽ ትገቢያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። አጠገቧ ጆንያ ላይ ቁጭ አልሽ። በኦሮምኛ ጀመርሽ፣ ሶማሊኛ ጣል አደረግሽ፣ መጨረሻ በአማርኛ ተሳሳቃችሁ። ፀሐዩ ቲማቲሙን ሲያገኘው ጃንጥላሽን በሱ ላይ ዘረጋሽለት፣ አንቺ ፀሐይ ላይ ሆነሽ። እኔ የገዛሽልኝን የዘይቱን ፍሬ እበላለሁ። ስለ ትምህርት አንድም ምክር አልሰጠሽም። ጠዋት ማን እንደሚያግዛት፣ ዕቃው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ከሰዓት ማን እንዳለ ነው የጠየቅሽው። ከዚያ "ወደ ከሰዓት ፈረቃ ላዛውራት፣ ጠዋት ትርዳሽ" አልሻት። ሰኞ ልጅቷ ክፍል ገባች። ፈረቃ ለማዛወር ዳይሬክተሩን ስትለምኚ ምን እንደደረሰብሽ ደግሞ አልረሳሁም።

የእድሩ ሴቶች የሚፈልጉት ይኼንን ነው። ንግግር የሚያደርግ ሰው በሽ ነው፣ ንግግርማ ጠገብን። ጆንያ ላይ ተቀምጦ "ስንት ሰዓት ነው የሚደክምሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ነው የጠፋው። ስብሰባውም ከሰዓት በኋላ ባይሆንላቸው ይመርጣሉ፣ እስካሁን የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ስብሰባው የወሩ መጨረሻ እሁድ ነው። ሐኪሙ መንገድ ከፈቀደልሽ በባቡር ነይ፣ ከአውቶቡሱ ይሻልሻል። ጣቢያው ከከተማ ራቅ ስለሚል ባጃጅ ይዤ እጠብቅሻለሁ። ካልፈቀደልሽ ስልክ ላይ እሺ በያቸው፣ ስምሽ በሌለሽበትም ይመረጣል፣ ደንቡን አይቼዋለሁ። ዓይንሽን አቧራ እንዳያገኘው ደግሞ መነጽርሽን አታውልቂ።

በነገራችን ላይ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ያንቺ ተማሪ ነበር አይደል? ስምሽ መነሣቱን የሰማ ቀን ደብተሩን ቤቱ ወስዶ እያስተካከለ ነው አሉ።

ልጅሽ፣ ከድሬ