የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ዙሪያና ስፋት በግቢያችን ውስጥ

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ያቀፈው የሒሳብ ክበባችን በ2016 የትምህርት ዘመን ሥራውን በአንድ ርዕስ ላይ ብቻ አድርጓል፤ እርሱም የጠፍጣፋ ምስሎች ዙሪያና ስፋት ነው። የሬክታንግልን፣ የጎነ ሦስትንና የክብን ቀመር ሁሉም በቃሉ የሚወጣው በመሆኑ፣ ርዕሱ ለአንዳንድ አባላት የታችኛው ክፍል ትምህርት መስሎ ታይቷቸው ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ስብሰባ «ዙሪያቸው እኩል የሆነ ሁለት ቦታዎች ስፋታቸውም እኩል ነውን?» ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ያለ ማመንታት «አዎን» በማለታቸው፣ ርዕሱ ገና ብዙ የሚሠራበት መሆኑ ታወቀ።

መልሱን ለማጣራት የ40 ሜትር ሲባጎ ጫፍና ጫፉን ቋጥረን በሜዳው ላይ በችካል ወጠርነው። ጎኑ 10 ሜትር የሆነ ካሬ ሲሆን 100 ካሬ ሜትር፣ 15 በ5 የሆነ ሬክታንግል ሲሆን 75 ካሬ ሜትር፣ ክብ ሲሆን ደግሞ 127 ካሬ ሜትር ያህል ያቅፋል። ከዚህ ይልቅ አባላቱን ያሳመናቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሁለቱ 60፣ ሁለቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት የቀርከሃ ስንጥሮችን ጫፋቸው ላይ በሚስማር አያይዘን ሬክታንግል ሠራን፤ ስፋቱም 2,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ተማሪ ማዕዘኑን በጣቱ ወደ ጎን ገፋ ሲያደርገው ሬክታንግሉ ተጋድሞ ፓራሌሎግራም ሆነ፤ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ስፋቱ በትክክል ግማሽ፣ ማለትም 1,200 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከስንጥሮቹ አንዱም አላጠረም፣ ዙሪያውም ያው 2 ሜትር ነው።

ይህ ትምህርት ሥራ ላይ የዋለው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ጥቅል ጎመን ሊተክል አስቦ የመሬቱን መጠን እንድናወጣለት በጠየቀን ጊዜ ነው። ቦታው አራት ጎን ቢኖረውም አንዱም ማዕዘኑ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጎኖቹ በተርታ 17፣ 12፣ 15 እና 9 ሜትር ናቸው። የአጥሩ ጉዳይ አላስቸገረም፤ አራቱን መደመር ስለሚበቃ 53 ሜትር ሆነ። በስፋቱ ላይ ግን ብዙ አባላት ተቃራኒ ጎኖችን እያማከሉ ማባዛትን መረጡ። የ17 እና የ15 አማካይ 16፣ የ12 እና የ9 አማካይ 10.5 በመሆኑ ውጤቱ 168 ካሬ ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ የቀርከሃውን ነገር ያስታወሱ ልጆች ተቃውሞ አነሱ፤ አራት ጎኖች ብቻ ቢታወቁ ምስሉ ሊጋደም ስለሚችል ስፋቱ አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አምስተኛ ልኬት ያስፈልጋል። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን የሚዘረጋውን ሰያፍ ለክተን 22 ሜትር ስላገኘን፣ ቦታው ሊጋደሙ የማይችሉ ሁለት ጎነ ሦስቶች ሆነ። ጎነ ሦስት ሦስቱ ጎኖቹ ከታወቁ ቁመቱን መፈለግ ሳያስፈልግ ስፋቱ የሚገኝበትን መንገድ የእስክንድርያው ሔሮን ትቶልናል፤ የጎኖቹን ድምር ግማሽ ወስዶ፣ ከእርሱ ላይ እያንዳንዱን ጎን በተራ ቀንሶ፣ የተገኙትን ሦስት ቁጥሮች ከራሱ ከግማሹ ጋር አባዝቶ፣ የብዜቱን ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። ለመጀመሪያው ጎነ ሦስት ግማሹ 25.5፣ ቀሪዎቹ 8.5፣ 13.5 እና 3.5 ሲሆኑ ብዜቱ 10,241 ያህል ነው። በክበባችን ስልክ አውጥቶ ማስላት ስለማይፈቀድ አባላቱ 101 በራሱ ሲባዛ 10,201 መሆኑን ተመርኩዘው 101.2 አሉ። ሁለተኛው በተመሳሳይ መንገድ የ2,576 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 50.8 ያህል ሆነ። ድምሩ 152 ካሬ ሜትር ነው።

ልዩነቱ 16 ካሬ ሜትር ነው። ጎመኑ በ60 በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል፣ መተላለፊያውን ሳንቆጥር፣ በመጀመሪያው ስሌት 700 ችግኝ፣ በሁለተኛው ግን 633 ይበቃል ማለት ነው። የማማከል ስሌቱ ከሬክታንግል በስተቀር ለማንኛውም ጎነ አራት ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት የሚበልጥ ውጤት ይሰጣል። ተማሪዎቻችን ከራሳቸው ያመነጩት ይህ ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት በላይኛው ግብፅ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ለቤተ መቅደሱ የተሰጡ መሬቶች መጠን የተሰላበት መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ እኔም አላፈርኩባቸውም።

በስፖርት ውድድሩ ሰሞን ደግሞ የስፖርት መምህሩ የሯጮች መነሻ በየመም ምን ያህል መራራቅ እንዳለበት ጠየቁን። ሕጋዊው 400 ሜትር የመሮጫ ሜዳ ሁለት ቀጥታ መስመሮችና ሁለት ግማሽ ክቦች ያሉት ሲሆን፣ ቀጥታው 84.39፣ የግማሽ ክቡ ሬዲየስ 36.5 ሜትር ነው። የእኛ ሜዳ ከዚህ እጅግ ስለሚያንስ ሒሳቡም የሚለወጥ መስሏቸው ልጆቹ ሜዳውን ሁሉ ሊለኩ ተነሱ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ግን ቀጥታው መስመር ለሁሉም ሯጭ እኩል በመሆኑ ይጠፋፋል፤ ሬዲየሱም ይጠፋፋል፤ የሚቀረው የመሙ ወርድ በሁለት ፓይ ሲባዛ ብቻ ነው። የመሙ ወርድ 1.22 ሜትር ከሆነ ሙሉ ዙር የሚሮጥ ሰው መነሻ ከውስጠኛው ጎረቤቱ በ7.67 ሜትር ይቀድማል፤ ሜዳው ትልቅም ሆነ ትንሽ ይኸው ነው። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ይህ ነበር። ኖራውን ያሰመሩትም ራሳቸው አባላቱ ናቸው።

የክዳኖችን ዙሪያ በዲያሜትራቸው አካፍሎ ፓይን መፈለጉና የትራፒዚየም ቅርጽ ያላቸውን ወረቀቶች ቆርጦ መገጣጠሙ በየክፍሉ ስለተለመደ እዚህ አልዘረዝረውም። ለመጪው ዓመት የተያዘው ከበሩ አጠገብ ያለው የአበባ መደብ ነው። አንዱ ጎኑ የተጠማዘዘ በመሆኑ በቀመር አይገኝም፤ ስለዚህ በሲባጎ የ50 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች ዘርግተን ሙሉዎቹንና ጠርዙ የቆረጣቸውን ለየብቻ እንቆጥራለን። ከዚያ ካሬዎቹን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አሳንሰን ስንደግመው ሁለቱ ውጤቶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ እናያለን። መመዝገብ የሚፈልጉ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም ለክበቡ ጸሐፊ ስማቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ።