መጀመሪያ ባትሪውን እዩ
ሰላም ለሁላችሁ የሕንፃ አስተዳደርና ጥገና ባልደረቦቼ፣

በዚህ ሳምንት ሁለት ጥያቄ ደርሶኛል፤ አንዱ የጄኔሬተር፣ ሌላው የእንጀራ፣ ማለትም የሥራ ዕድገት።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አልነሳ ያለው አባላችን መጀመሪያ የጠረጠረው ናፍጣውን ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ከባትሪው እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ ላይ ስሠራ፣ ሁለት ሰው ሊፍት ውስጥ ተይዞ እኔን ጄኔሬተር ክፍል ላብ አጥምቆኛል። ጥፋቱ የባትሪው ጫፍ ላይ የበቀለ ነጭ ዝገት ነበር! ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አስነስቼ አያለሁ፤ በወር አንዴ ደግሞ የሕንፃውን የኤሌክትሪክ ጭነት አስይዤ። ሁልጊዜ ያለ ጭነት ማስነሳት ለናፍጣ ሞተር አይበጅም፤ በደንብ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥቀርሻ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይከማቻል።

ጣሪያ ላይ ሮቶ መጨመር ለምታስቡ፦ 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ነው። ባለቤቱ «ምን ችግር አለው» ቢልም መሐንዲስ ሳያየው እንዳትሰቅሉ።

«ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ የሕንፃ አስተዳዳሪ ለመሆን ምን ልማር?» ላልሽው እኅታችን፦ ሙያው አለሽ። የሚቀርሽ የወረቀቱ ሥራ ነው፤ በጀት ማዘጋጀት፣ የጥገና ውል አንብቦ መደራደር፣ ተከራይን ሳይቆጡ ማስረዳት (ይሄኛው እኔንም እስካሁን ያቅተኛል)። ከዛሬ ጀምሮ ብልሽቱን፣ የፈጀውን ሰዓትና ወጪውን በየቀኑ መዝግቢ። እኔን ቃለ መጠይቅ ያሳለፈኝ ዘይት የነካው ደብተሬ ነው።

የሊፍት ጥገና ውል ናሙና ያላችሁ የድርጅቱን ስም አጥፍታችሁ ላኩልኝ።